ወሎ ያልደረሰው ማቅለጫ

ሀጀር ከወሎ በአውቶቡስ መጥታ ያደረችው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሥር ሱቅ ካለው ከእህቷ ልጅ ከሰይድ ዘንድ ነበር። ሰምሃል ጠዋት ልትወስዳት ስትደርስ፣ ሴትዮዋ ተዘጋጅታ ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ወደ ሃምሳ የሚጠጋት፣ ቀጠን ያለች፣ ንብ የነደፋት የአንድ ዓይኗ ቆብ አበጥ ያለ ሴት ናት። የመንደሯ ሴቶች ንብ እያነቡ ያቋቋሙት ማኅበር ሊቀመንበር ነች።

«አፌ የምትሆኚው አንቺ ነሽ አሉ» አለቻት፣ እጇን ይዛ ሳትለቅ።

«አዎ፣ እትዬ ሀጀር። ፈረንጆቹ የሚሉትን ለእርስዎ፣ እርስዎ የሚሉትን ለእነሱ አደርሳለሁ።»

«ጎሽ። አፍ ከያዙ ደህና ነው» ብላ መኪናው ውስጥ ገባች።

ሰምሃል የምትሠራው ከአጎቷ ከገብረኣብ ዘንድ ነው። ገብረኣብ ማርና ሰም ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ ነው። ጦርነቱ መቀሌ የነበረውን መጋዘን ባዶውን ካስቀረበት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ከዜሮ ተነሥቶ የቆመ ሰው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እሷንም እናቷንም ደግፎ የያዛቸው እሱ ነው። በእናቷ ወገን ወግ በትግርኛ «አኮይ»፣ አጎቴ፣ ብላ ነው የምትጠራው። እንዲህ ያለውን ሰው ቀና ብሎ መናገር ለሰምሃል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ድምፅ ከፍ እንደ ማድረግ ነበር።

የዕለቱ ጉዳይ እንዲህ ነው። ከሰሜን አውሮፓ የመጡ የአብያተ ክርስቲያናት ተወካዮች አትላስ አካባቢ ካለ ሆቴል አርፈዋል። በእነሱ አገር ምእመናን በመቅደስ የሚያበሩት ሻማ ድሃ ገበሬ ተበድሎበት የመጣ እንዳይሆን ብለው፣ ሰሙን ከአምራቹ ጋር ተስማምተው በቀና ዋጋ ለመግዛት ወስነዋል። ለሀጀር ማኅበርም በገብረኣብ በኩል አንድ የሰም ማቅለጫ ማሽን በስጦታ ልከው ነበር። ሴቶቹ ማሩ የወጣለትን ሰፈፍ እንዲሁ እንዳለ ለደላላ ከመሸጥ ወጥተው፣ ራሳቸው አቅልጠውና አጣርተው ንጹሕ ሰም እንዲሸጡ ነበር ሐሳቡ። አሁን ውሉን ሊያድሱ መጡ። ወሎ ወርደው ማየት ቢፈልጉም፣ ለመንገዱ ደኅንነት ተብሎ ተከለከሉ። «እኛ ካልሄድን አንዷ ትምጣልን» ቢሉ፣ ገብረኣብ ሀጀርን አስጠራ።

ማሽኑ ግን ወሎ ደርሶ አያውቅም። የገባ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር፣ እስኪከፈት ተብሎ ጎሮ ባለው መጋዘን ተቀመጠ። መንገዱ ተከፈተ፤ ማሽኑ ቀረ። ከየጠጅ ቤቱና ከየደላላው የሚሰበሰብ ሰፈፍ ሲያቀልጥ ይውላል። የገብረኣብን ንግድ ከሞት ያስነሣው፣ የሰምሃልን ደመወዝ የሚያስገኘው እሱ ነው። በሴቶቹ ስም የምስጋና ኢሜይል በእንግሊዝኛ አሳምራ የጻፈችውም ራሷ ሰምሃል ናት።

መኪናው ገና ከአራብሳ ሳይወጣ ስልኳ ጮኸ።

«አስረዳሻት?» አለ ገብረኣብ።

«ገና ነኝ አኮይ።»

«እዚያው መኪና ውስጥ አስረጂያት። ማሽኑ አለ፣ ይሠራል፣ እናመሰግናለን። በቃ። ሌላ የሚያስፈልግ ነገር የለም። ውሉ ይፈረም እንጂ ማሽኑን እኔው ራሴ ነኝ የምልክላቸው። በጾም ምድር አልዋሽም።»

ሰምሃል ስልኩን ዘጋች። ሀጀር በመስኮት ወደ ውጭ እያየች «እንዲህ በዪ ነው የሚሉት?» አለች።

«እንዴት አወቁ?»

«ሰይድም ትናንት በስልክ ተነግሮት ነገረኝ።» ሀጀር ተነፈሰች። «ስለ ማሽኑ መጠየቃቸው አይቀርም ብለን፣ ከመምጣቴ በፊት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠን ተማክረናል። አንዷ እውነቱን ተናገሪ አለችኝ። ሌሎቹ ግን ‹ገዢውን አስቀይመሽ እንዳትመጪ› አሉ። እሱ አልፈልግም ካለ ሰፈፉን ለማን እንሸጠዋለን? ለዚያው ለደላላ። ስለዚህ እላለሁ። ያልመጣውን መጥቷል እላለሁ። ረመዳን ነው፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

የዚያን ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ተገናኝተው ነበር። ሰምሃልም ጾመኛ ናት። በእሑድ ቅዳሴ የሰፈሯ ቄስ ያሉት ሲከነክናት ሰንብቷል፤ «ሥጋ ትተን የሰው ላብ ከበላን፣ የጾምነው ምኑን ነው?» ብለው ነበር። ሌላው ሰው አሜን ብሎ ሲወጣ፣ እሷ ጫማዋን እንደያዘች ደጁ ላይ ቆማ ቀርታ ነበር።

ጎሮ ሲደርሱ «አብዱልገኒ፣ ወደ መጋዘኑ ታጠፍ» አለች ሹፌሩን።

አብዱልገኒ በመስታወቱ አያት። የመጋዘኑን ነገር እሱም ያውቃል። «ጋሼ በቀጥታ አትላስ ነው ያሉኝ።»

«አውቃለሁ። ታጠፍ።»

«ሰምሃል፣ እኔ የልጆች አባት ነኝ።»

«እሷ አዘዘችኝ በላቸው። እኔው እጠየቃለሁ።»

አብዱልገኒ ፍሬቻ አበራ።

መጋዘኑ በር ላይ የቀለጠ ሰም ሽታ ተቀበላቸው። ማቅለጫው ሰማያዊ ነው፤ በርሜል የሚያክል፣ ከሥሩ ቧንቧ ያለው። ማሽኑ ላይ የምትሠራው ሴት፣ የሻሽወርቅ፣ የቆዳ ሽርጥ ታጥቃ ከላይ ሰፈፍ ትጨምር ነበር።

«ይሄ ነው» አለች ሰምሃል።

«ምኑ?»

«የእናንተ ማቅለጫ።»

ሀጀር አልጮኸችም። ጠጋ ብላ መዳፏን ጎኑ ላይ አሳረፈች፤ ሲፈጃት ሰበሰበችው። ከዚያ ለየሻሽወርቅ «እንዴት ነው የሚሠራው እህቴ?» አለቻት። የሻሽወርቅ ምንም የምታውቀው የለ፤ እንግዳ መጣ ብላ ደስ ብሏት አስረዳቻት። ሰፈፉ ከላይ እንዴት እንደሚገባ፣ ውሃው ዙሪያውን እንዴት እንደሚፈላ፣ ቆሻሻው እንዴት እንደሚቀር። ቧንቧውን ከፍታ ቢጫውን ሰም አወረደችላት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው?»

«እኔ ከተቀጠርኩ ጀምሮ አለ» አለች የሻሽወርቅ።

ወደ ውጭ ሲወጡ ሀጀር ድንገት ቆመችና ወደ ሰምሃል ዞረች። ዓይኗ ደም መስሏል።

«ለምን አሳየሽኝ?»

«እውነቱን እንዲያውቁ ብዬ…»

«የት እንደቀረ ሳላውቅ ብዋሽ ውሸቱ የሰውዬው ነበር። አሁን አውቄ ልዋሽ ነው? የራስሽን ሸክም አራግፈሽ እኔ ላይ ጫንሽው እኮ!»

እውነት ነው፤ ሰምሃል ይህን አላሰበችውም ነበር። ለሴትዮዋ ስትል ያደረገችው መስሏት ነበር፤ ለካ ለራሷም እፎይታ ፈልጋ ኖሯል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች።

«ይቅርታውን አቆዪው። አሁን ምን ልበል?»

«ያሻዎትን። እኔ ያሉትን ብቻ ነው የማደርሰው። አልጨምርም፣ አልቀንስም።»

«ቃልሽ ነው?»

«በመድኃኔዓለም።»

«እንግዲያው እንሂድ» አለች ሀጀር። ገርጂ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ሲቆሙ የሰምሃል ስልክ ደጋግሞ ጮኸ፤ አላነሣችውም።

ገብረኣብ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ይንቆራጠጥ ነበር። «የት ቀራችሁ?» አላት።

«መንገድ ተዘጋግቶ ነው» አለች። ግማሽ እውነት እንዴት ቀላል ነው!

ለሀጀር ግን እጅ ነሥቶ «እንኳን ደህና መጡ፤ መንገዱ አደከመዎት?» አላት። እርሷም እንደምትጾም አስቦ፣ የምትሰግድበት ጸጥ ያለ ክፍል አስይዞላት ነበር። የውሸት ደግነት አልነበረም። ሰምሃልን ከሁሉ የከበዳት ይኸው ነው። ሰውዬው ክፉ ቢሆንማ እንዴት በቀለላት!

እንግዶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ፀጉሯ የሸበተ ሴት ቄስ ስትሆን፣ ሌላው የግዢውን ጉዳይ የሚከታተል ረጅም ሰው ነው። ገብረኣብ አንገቷ ላይ ያለውን የክህነት ኮሌታ ላለማየት ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው ጣል ያደርጋል። ያም ሆኖ ተነሥቶ አቡነ ዘበሰማያት ደገመ፤ ሴትዮዋም አንገቷን ደፍታ ቆመች። የጾም በያይነቱ ቀረበ። ሀጀር ፊት ባዶ ሳህን ተቀመጠ።

ቄሷ ለስለስ ባለ እንግሊዝኛ ጠየቀች፤ ሰምሃል ወደ ሀጀር ዞራ አደረሰች። «ማሽኑ እንዴት ነው? ለሥራችሁ ጠቀማችሁ ወይ? ይላሉ።»

ገብረኣብ በእጁ የያዘውን መቁጠሪያ ማንቀሳቀስ አቆመ።

«ማሽኑ ደህና ነው በያቸው» አለች ሀጀር። «ሲሠራ አይቼዋለሁ። ሰፈፉ ከላይ ይገባል፤ ውሃው ዙሪያውን ይፈላል፤ ቆሻሻው ይቀራል፤ ሰሙ ወርቅ መስሎ ይወርዳል።»

ገብረኣብ በረጅሙ ተነፈሰና ፈገግ አለ። ሀጀር ግን አልጨረሰችም።

«ዛሬ ጠዋት በዓይኔ በብረቱ አይቼው ነው የመጣሁት።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። ሰምሃል መተርጎም ጀመረች፤ ሰፈፉን፣ ውሃውን፣ ወርቅ የመሰለውን ሰም። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቆመች። ብትተወው ማንም አያውቅም። ሀጀር እንግሊዝኛ አትሰማም።

«ይኣክል» አላት ገብረኣብ ዝቅ አድርጎ በትግርኛ። ይበቃል ማለቱ ነው።

የአባቷ ቀብር ዕለት ትከሻዋን የያዛት እጅ ትዝ አላት። ያ እጅ ባይኖር ዛሬ የት በነበረች? ሀጀር ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

«ዛሬ ጠዋት አይቼው ነው የመጣሁት፣ ይላሉ» አለች ሰምሃል በእንግሊዝኛ።

ቄሷ ሹካዋን አስቀመጠች። «ዛሬ ጠዋት? ከወሎ የመጡት ትናንት አይደለም እንዴ?»

ገብረኣብ ሰምሃልን አልጠበቀም። ባለችው እንግሊዝኛ «ሜንተናንስ! ፎር ሜንተናንስ!» እያለ እጁን አወናጨፈ።

«ምን አሉ?» አለች ሀጀር።

«ማሽኑ ለጥገና ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ነው አሉ።»

ሀጀር ለአፍታ አሰበች፤ ከዚያ ፊቷ በራ። «እሰይ! ከመጣማ ይመለሳላ! ተጠግኖ ሲሠራ አይቻለሁ። ማሽኑን ሳልይዝ አገሬ አልገባም በያቸው። እነሱም ምስክር ይሁኑኝ።»

ሰምሃል ይህን ስታደርስ ከፍርሃቷ ብዛት ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ቄሷም ፈገግ አለች። ገብረኣብ መግቢያ ቀዳዳ ቢያጣ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ተስማማ። ነገሩ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ሴቶቹ ማሽናቸውን፣ ገብረኣብ ክብሩን፣ ፈረንጆቹ ሰማቸውን ይዘው።

ያ ዝም ብሎ የቆየው ረጅም ሰው ግን በቅንነት አንድ ነገር ጠየቀ። መለዋወጫ ልንልክ እንድንችል፣ መቼና በምን ምክንያት እንደተበላሸ ብታስረዱን አለ። ገብረኣብ እንግሊዝኛው አልገባውም፤ ሰምሃል ነገረችው።

«ክረምት ላይ ተበላሸ በያቸው» አለ በአማርኛ፣ ላቡን እየጠረገ። «መብራት ሲቆራረጥ። ደግሞ… ሴቶቹ አያያዙን አልቻሉበትም በያቸው።»

ሀጀር ቀና አለች። ይህን ማንም ሊተረጉምላት አላስፈለገም።

ሰምሃል ወደ አጎቷ ዞረች። «አኮይ፣ ይሄንን አልልም።»

«ምን አልሽ?»

«አልልም። ይምቱኝ፣ ያባርሩኝ። ይሄንን ግን በእኔ አፍ አይሉትም።»

ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በላያቸው ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ፈረንጆቹ አንዴ ሰምሃልን አንዴ ገብረኣብን ያያሉ።

ቀጥላ የተናገረችው ሀጀር ናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«አቶ ገብረኣብ፣ ማሽኑን አስቀሩብን፤ እሺ። ጠግኜ መለስኩ ቢሉም ዋጥ አድርጌልዎት ነበር፤ አይተዋል። ዓይኑን ያላየነውን ማሽን አበላሻችሁ ሲሉን ግን የት አባቴ ልግባ? እርስዎም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ። ፈጣሪ ከመካከላችን ተቀምጦ ይሰማን የለም ወይ?»

ቄሷ ወደ ሰምሃል ጎንበስ ብላ «ምን እየተባለ ነው?» አለቻት። ሰምሃል ግን አጎቷን ጠበቀች።

ገብረኣብ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሲታይ ድንገት አርጅቶ ታያት። ረጅሙ ሰው ሊናገር ሲል ቄሷ ክንዱን ነካ አድርጋ ከለከለችው።

«ንገሪያቸው» አለ ገብረኣብ።

«ምን ልበል?»

«ወሎ ደርሶ አያውቅም በያቸው። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። መጋዘኔ ተዘርፎብኝ፣ ሜዳ ላይ ቀርቼ ነበር በያቸው…» ብሎ ጀመረና ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ እሱን ተዪው። የፊተኛውን ብቻ ንገሪያቸው።»

ሰምሃል ነገረቻቸው። ከዚያ ወደ ሀጀር ዞራ «አሁን የራሴን ልጨምር ነው» አለችና፣ የምስጋናዎቹን ኢሜይሎች የጻፈችው እሷ መሆኗን በእንግሊዝኛ ተናገረች። ለሀጀርም ያንኑ በአማርኛ ደገመችላት። የረጅሙ ሰው ፊት ቀላ። ቄሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

ከዚያ ቄሷ ስትናገር፣ ሰምሃል እየቆራረጠች ለሀጀር አደረሰች። «እነዚያን ምስጋናዎች ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ለሕዝቡ ያነቡ ነበር አሉ። ሰው እየሰማ ያለቅስ ነበር አሉ። አንድ ቀንም ግን ስልክ ደውለን የእርስዎን ድምፅ እንስማ አላልንም፤ እኛም ማመን ስለቀለለን ነው ያመንነው፤ ይቅርታ ያድርጉልን ይላሉ።»

«አፉ ብያለሁ በያቸው» አለች ሀጀር። «ግን ሰሙን እንዳይተዉብን።»

ውሉ የዚያን ዕለት አልተፈረመም። ማሽኑ መጀመሪያ ባለቤቶቹ ዘንድ ይድረስ፤ ከዚያ ሴቶቹ ራሳቸው ባሉበት እንነጋገራለን ተባለ። እስከዚያ ግዢው ይቆማል። ይህን ስትሰማ የሀጀር ፊት ጠቆረ፤ ሰፈፍ ተሸጦ የሚገዛ የልጆች ደብተር አለ፣ የሚታከም በሽተኛ አለ። «አብሽሩ፣ እንችለዋለን» ብትልም፣ ለሰምሃል ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትለው። ገብረኣብ ተነሥቶ ለሀጀር እጅ ነሣ፤ በሰምሃል ፊት ግን እንዳላያት አልፎ ወጣ። በያይነቱ በቅጡ ሳይነካ ቀርቶ ነበር።

በነጋታው ማቅለጫው ጎሮ ላይ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ሀጀር ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ፣ በመስኮት እጇን ዘርግታ ሰምሃልን ሳመቻት። «ትናንት የተቆጣሁሽን አልተውኩትም» አለቻት፤ «ግን ቃልሽን ጠብቀሻል።» መኪናው ወጣ።

የሻሽወርቅ ማሽኑ የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ቆማ ነበር። ሽርጧን አጣጥፋ በእጇ ይዛለች።

«ለወሎ ሴቶች ደረስሽላቸው፤ እሰየው» አለች። «እኛስ? እኛ የማን ነን?»

ሰምሃል «እኔም ከሥራ ወጥቻለሁ» ልትላት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን እሷ ትምህርት አላት፣ ቋንቋ አላት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሰምሃል ቃሉን ዋጠችው፤ የሻሽወርቅም ወደ ታክሲው መንገድ ሄደች።

ሰምሃልን እናቷ ለብዙ ቀን ፊት ነሣቻት። «ያጎረሰሽን እጅ ነከስሽ» አለቻት፤ ከዚያ በኋላ ከምግብ ጥሪ በቀር አታናግራትም ነበር። ለፋሲካ ገብረኣብ እንደ ልማዱ በግ ላከ፤ ይዞ የመጣው ግን አብዱልገኒ ነው። ራሱ ሳይመጣ የቀረበት የመጀመሪያው ፋሲካ ነበር። እናቷ በጉን አይታ አለቀሰች።

ሰምሃል ያን ቀን ከሰዓት ነጠላዋን አጣፍታ ገርጂ ወዳለው የአጎቷ ቤት ሄደች። ቢያባርረኝም ደጁን ረግጬ ልመለስ ብላ ነበር። በሩን የከፈተላት ራሱ ነው። አየት አደረጋትና ከበሩ ገለል አለ።

«እንኳን አደረሰዎ አኮይ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ግቢ፣ ምግብ ቀርቧል።» ወደ ውስጥ እያስገባት «ሥራ ግን የለም» አለ።

«ለሥራ አልመጣሁም።»

ገበታው ላይ ሰው በዝቶ ነበርና ጉዳዩ አልተነሣም። ስትወጣ እስከ በር ሸኛት። እጁ መዝጊያው ላይ እንዳለ፣ ወደ መንገዱ እያየ «ሴትዮዋ ደውላልሽ ታውቃለች?» አለ።

«ትደውላለች። ስለ ውሉ ከፈረንጆቹ ጋር ሲነጋገሩ በስልክ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ገና አልጨረሱም።»

«ማሽኑ ይሠራል?»

«ይሠራል። ሰሙ ግን ትንሽ ጠቆረብን ብላኛለች።»

ገብረኣብ ቅንድቡን ሰበሰበ። ብዙ ጊዜ ሰም የያዘ ሰው ነው፤ ነገሩ ወዲያው ነው የገባው።

«እሳት አብዝተውበት ነው» አለ። «ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው፤ አይቸኩሉበት በያት።» ከዚያ በሩን ሊዘጋ ጀምሮ መልሶ ከፈተው። «ወይም ቁጥሯን ስጪኝ፤ እኔው እነግራታለሁ።»